የሻይ

«እዚያ ቤት ሰው አለህ?»

ጉዳይ አለብኝ ስንል መጀመሪያ የምንጠየቀው ይህንን ነው። ጉዳዩ ምን እንደሆነ አይጠይቁንም። ማስረጃችን ይሟላ አይሟላ አይጠይቁንም። ሕጉ ምን ይላል የሚልማ ጭራሽ የለም። ሰው አለህ? ሰውማ ሞልቷል! አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው አለ። መስኮቱ ላይ ሰው አለ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ፣ በረንዳው ላይ ስልክ የሚያወራ ሰው አለ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባሉትም ሰዎች ናቸው። የሌለው የእኛ የሚባል ሰው ነው። ሰው በሞላበት ቤት ሰው ያጣን እኛ ነን እንግዲህ፤ እሮሮውም የእኛው ነው።

የእኔ ነገር ትንሽ ናት። አባታችን ትተውልን ያለፉትን ቤት ካርታ ወደ ወራሾች ስም ማዛወር። የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ወጥቷል፣ ግብሩ ተከፍሏል፣ ወራሾቹም አልተጣላንም (ይህ ብቻውን ሊያሸልመን ይገባ ነበር)። የቢሮውን ስም አልጠራም። ነገም ተነገ ወዲያም የምቆመው እዚያው መስኮት ላይ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሄድኩ፤ ሲስተም የለም ተባልኩ። ሁለተኛ ቀን ሄድኩ፤ ሲስተሙ መጥቷል፣ መብራት ሄዷል። ሦስተኛ ቀን ሲስተሙም መብራቱም ነበሩ፤ ባለሙያዋ ሥልጠና ላይ ናት። አራተኛ ቀን ባለሙያዋ ከሥልጠና ተመልሳለች፤ ማኅተሙ የተቆለፈበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። አምስተኛው ቀን ሁሉም ተሟላ። ሲስተም አለ፣ መብራት አለ፣ ባለሙያ አለች፣ ቁልፍ አለ። ፋይሉ ጠፋ።

በስድስተኛው ቀን ከግቢው ውጭ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ፋይል አልጠፋም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ቡናማ ሽፋን ነው ያለው።» የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈልጋ ያጣችውን ፋይል፣ የመሥሪያ ቤቱ ደሞዝተኛ ያልሆነ ሰው ቀለሙን ጭምር ይነግረኛል!

ይህ ሰው ጉዳይ ገዳይ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ቋንቋ አዋቂ ነው። ነገር ግን ገዳዩን ብቻ ነው የነገረን፤ ጉዳያችንን እግር ተወርች አስሮ ለቢላዋ የሚያቀርብለት ማን እንደሆነ አልነገረንም።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ! ለልጆቹ የሻይ ነው።»

የሻይዋ 15 ሺህ ብር ሆና ተገኘች። እኔ የምጠጣበት ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ 20 ብር ነው። አሰብኩት፤ 750 ብርጭቆ። ይህን ሁሉ ሻይ የጠጣ ሰው እንዴት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል? አሁን ነው የገባኝ፤ ወንበሩ ሁልጊዜ ባዶ የሚሆነው ለካ በዚህ ነው።

ስሞቹን አስቡልኝ እስቲ። የሻይ። ጉርሻ። ማንቀሳቀሻ። ማለስለሻ። የድካም። ድሮ ደግሞ እጅ መንሻና መማለጃ ነበር። አንዱም ስርቆት አይልም። ገሚሱ የሚጠጣ፣ የሚበላ፣ ወይም የሚቀባ ነገር ነው። ሰውዬው በላ ይባላል፤ አበላ ይባላል፤ «እሱ ቤት ይበላል» ይባላል። ጉቦ ፍስክ ይሁን ጾም ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ በሁዳዴም ይበላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያልን ልጆቻችንን አሳድገናል። ስለ ተሿሚው ቁጭት ይህን ያህል ስንጨነቅ፣ የተበላበት ሰው ምን እንደሚሰማው የሚናገር ተረት ግን አላወጣንም። እሱ ምናልባት ወረፋ ላይ ስለነበረ ይሆናል።

ከዚህ ደግሞ የሂሳብ ቋንቋ ይብሳል። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። እኛም በዜና እንሰማለን። «ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ»፣ «በማስረጃ ያልተደገፈ ወጪ»፣ «የግዥ መመሪያን ያልተከተለ ግዥ»። ቢሊዮኖቹ ይቆጠራሉ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይጠየቃሉ፣ «እናስተካክላለን» ይላሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ቃል ያው ቦታ ላይ ይጠብቀናል። ኦዲተሩ ሥራው ነውና በጥንቃቄ ይናገር፤ አልፈርድበትም። ግን መርካቶ ውስጥ አንድ ልጅ ስልክ ቢመነትፍ «ሌባ! ያዘው!» ብሎ የማይሮጥ አለ? «ያልተወራረደ! ያዘው!» ብሎ የሮጠ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ይህንን እሮሮ ከእኛ በፊት ያሰማ አንድ አሜሪካዊ ምሁር አለ፤ ኤድዊን ሳዘርላንድ ይባላል። እ.አ.አ በ1939 በሶሲዮሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር ፊት ቆሞ፣ ወንጀልን በድሃ ሰፈርና በፈረሰ ትዳር ውስጥ ብቻ ስትፈልጉ ኖራችኋል፤ የተከበረው ሰው በተከበረው ሥራው ላይ ሆኖ የሚፈጽመውንስ ለምን አትቆጥሩም አላቸው። «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚለውን ስም ያኔ ነው ያወጣው። እዚህ እኛ ዘንድ ስሙ ገና አልተለመደም፤ ለጆሯችን ነጭ ለባሽ ይመስላል። ነጭ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ እኛ ጋ ለሠርግና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነው የሚለበሰው። አንዳንዱ ታዲያ ለቃለ መጠይቁ ከሸሚዙ ጋር ዲግሪውንም ተውሶ ይገባል፤ ወንጀሉ የሚጀምረው እዚያው በር ላይ ነው።

ሳዘርላንድ በ1949 የ70 ትልልቅ ኩባንያዎችን ጥፋት መዝግቦ መጽሐፉን ሲያሳትም፣ አሳታሚው በስም ማጥፋት እንዳይከሰስ ፈርቶ የኩባንያዎቹን ስም አስወጣው። ስሞቹ ተመልሰው የታተሙት በ1983 ነው። ሰውየው ያኔ በሕይወት የለም። ስለ ሌባ መጽሐፍ ጽፎ የሌባውን ስም መጥራት የተከለከለ ሰው ሳስብ፣ እኔ ያንን ቢሮ ስሙን አለመጥራቴ ያን ያህል አያሳፍረኝም።

የእሱ ተማሪ የነበረው ዶናልድ ክሬሲ ደግሞ እስር ቤት ገብቶ የአሠሪያቸውን ገንዘብ ያጎደሉ ሰዎችን አነጋገረ። መጽሐፉ በ1953 ወጣ። ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ አየ፤ ለሰው የማይነገር የገንዘብ ጭንቀት፣ የተከፈተ በር፣ እና ሰበብ። እኔን የገረመኝ ሰበቡ ነው። እስረኞቹ ሲወስዱ «እየሰረቅኩ ነው» ብለው አልነበረም የወሰዱት። አብዛኞቹ «ልበደር ነው፣ እመልሰዋለሁ» ብለው ነበር።

እኛ ደግሞ ለመበደርም አንደክምም። «የመንግሥት ነው» እንላለን፤ አለቀ። የመንግሥት ወረቀት፣ የመንግሥት ቤንዚን፣ የመንግሥት ጎማ። አሮጌ ጎማ ይገባል፣ አዲስ ጎማ ይወጣል፣ መኪናዋ ግን እንደ ገባች በአሮጌው ትመለሳለች። ባለሙያው አዳማ ሳይሄድ አዳማ ያድራል፤ ውሎ አበሉ አለ፣ የአልጋ ደረሰኙ አለ፣ ሪፖርቱም አለ፤ ካለፈው ዓመት ሪፖርት ቀኑ ብቻ ተቀይሮ። ምግብ ቤት ገብተን ሂሳብ ስንጠይቅ አስተናጋጇ ሳቅ ብላ «ደረሰኙ ላይ ስንት ልበል?» ትለናለች። የበላነውን ታውቃለች፤ የምትጠይቀን በልተናል የምንለውን ነው። (እኔም ብሆን የልጄን የቤት ሥራ በመሥሪያ ቤት ፕሪንተር አትሜ አውቃለሁ። አርባ ገጽ። ባለ ቀለም። ይኸው ተናገርኩ።)

ሦስት ፕሮፎርማን የማያውቅ ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። መመሪያው ጥሩ ነው፤ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ሰብስብ፣ ከርካሹ ግዛ ይላል። ሦስቱ ነጋዴዎች ግን አንድ ሰው ናቸው። አንዱ ሱቅ በእሱ ስም ነው፣ አንዱ በሚስቱ፣ አንዱ በወንድሙ። ሦስቱ ማኅተሞች የሚያድሩት አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለቱ ተሸናፊ ዋጋዎች ከአሸናፊው ትንሽ፣ ለዓይን ደስ እስኪል ትንሽ፣ ከፍ ይላሉ። ወረቀቱ እንከን የለውም፤ ማንም ኦዲተር ቢያገላብጠው ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ፊርማ፣ ሦስት ዋጋ ነው የሚያየው። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ እኛም እንቀመጥበታለን። ያን ጊዜ ይሰበራል። የእንግዳ መቀበያው ወንበር ሦስት እግር የሆነው፣ ፕሪንተሩ «ቀለም የለም» የሚለው፣ ኮፒ ለማድረግ ወረቀት ገዝታችሁ ኑ የምንባለው በዚህ ነው። ቀለሙ ተገዝቷል። ወረቀቱም ተገዝቷል። እንዲያውም ሦስት ጊዜ ተገዝቷል።

ወንበርስ ምንም አይደል። በ2000 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ለደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ ተመልሶ መጣበት፤ ሲታይ ወርቅ የተቀባ ብረት ነው። ያንን ብረት መቼም አንዱ መዝኖት፣ አንዱ መርምሮት፣ አንዱ ፈርሞበት ነው የገባው። የአባቴን ፊርማ ግን «ከበፊቱ ትንሽ ይለያል» ብለው ሁለት ሳምንት አቆይተውታል።

ቀድሞ የሠራሁበት ቤት አንድ ገንዘብ ያዥ ነበር። እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ አልነበረንም። ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ፈቃድ አልወጣም። ሲያመው ጋቢ ለብሶ ይመጣል። ሚስቱ ስትወልድ እንኳ ካዝናው ዘንድ ነበር። የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ብለን ሸለምነው፤ የግድግዳ ሰዓት ሰጠነው፤ እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። አንድ ቀን ትርፍ አንጀቱን አመመውና ሳይወድ በግዱ ሆስፒታል ተኛ። ተተኪው በሦስተኛው ቀን ካዝናውን ቆጠረ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ የሂሳብ ምርመራ ባለሙያ የነገረኝ፤ ገንዘብ የሚያጎድል ሰው ፈቃድ አይወጣም፣ ከወጣ ሌላ ሰው መዝገቡን ያያልና። በሌላው ዓለም አንዳንድ ባንኮች ሠራተኛን በዓመት አንዴ አስገድደው ፈቃድ የሚያስወጡት ለዚህ ነው አለኝ። እኛ ሰዓት እንሸልማለን።

ዓለም አቀፉ የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር እ.አ.አ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በሥራ ቦታ ከሚፈጸመው ማጭበርበር ከ40 በመቶ በላይ የሚጋለጠው በጥቆማ ነው ይላል። ጥቆማ ከካሜራም ከኦዲትም ይበልጣል ማለት ነው። እኛም የጥቆማ ሳጥን አለን፤ የለንም አይባልም። ሰማያዊ ነው፣ ግድግዳው ላይ ነው፣ «አስተያየትዎ ለእኛ ሀብት ነው» ተጽፎበታል። የተሰቀለው በኃላፊው ጸሐፊ ፊት ለፊት ነው፤ ወረቀት የሚከት ሰው ማን እንደሆነ ቀና ብላ ሳታይ አታልፍም። ቁልፉ ጠፍቷል። አንድ ቀን ሳጥኑን ነቅነቅ አደረግኩት፤ የማስቲካ ልጣጭ ነው መሰለኝ ኮሽ አለ።

በሩ ሲከፈት ግን ሁላችንም ያው ነን የሚሉ አሉ። የመጋቢት 7 ቀን 2016ን ሌሊት ይጠቅሳሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ያን ሌሊት ተዛብቶ፣ ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ማውጣት የሚቻል ሆነ። ወሬው በተማሪዎች ስልክ ዞረ፤ ኤቲኤም ፊት ሌሊት ወረፋ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው 490 ሺህ ገደማ ግብይት ተካሂዶ 801 ሚሊዮን ብር ያለአግባብ ወጣ። አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ባንኩ ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ። መለጠፉስ ይሁን፤ ወስደዋል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። የዶርም ተማሪው በአንድ ሌሊት ላወጣው ገንዘብ ፎቶው ከተለጠፈ፣ በየዓመቱ «ያልተወራረደ» የሚባለው ፎቶ የት ጠፋ? ወይስ እሱ ፎቶ ሲነሳም ስብሰባ ላይ ነው?

የኮንዶሚኒየሙም ዕጣ አለ። በ1997 ዓ.ም የተመዘገቡትን ጨምሮ ለብዙ ሰዎች ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዕጣ ወጣላቸው፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤት። የ1997ቶቹ አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቀው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ተከራይተው፣ እልል አሉ። ዕጣው በኮምፒውተር ነው፣ የሰው እጅ አልገባበትም ተብሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የማይመለከታቸው ሰዎች በመረጃው ውስጥ ገብተው ተገኙና ዕጣው ተሰረዘ፤ ሲስተሙን ከሠሩት ጀምሮ ኃላፊዎች ታሰሩ። ስንት ዓመት «ኮምፒውተር ይግባ እንጂ ሌብነቱ ይቆማል» ስንል ኖርን! ኮምፒውተሩ ገባ፤ ሌባው ተቀይሮ ኪቦርድ ላይ ተቀመጠ። የሰው እጅ የለበትም የተባለው እውነት ነው፤ ጣት ብቻ ነው የገባው። እልል ብሎ ድፎ ዳቦ የቆረሰ ጎረቤት አለኝ፤ ዳቦው ተበልቶ ሳያልቅ ነው ዕጣው የተሰረዘው።

አባቶቻችን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንዱ ቤት ይወድቃል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ ይከፍላል። ግፍ ነበረበት፤ ስንቱ ንጹሕ ሰው ልጁ ደጁ ላይ ስለ ደከመው ብቻ ከብቱን ተነድቷል። ይመለስ አልልም። ግን ወረፋ ላይ ስቆም እያሰብኩ እስቃለሁ። ያንን ልጅ እዚህ አምስት ፎቅ ውስጥ ቢለቁት የት ይወድቅ ነበር? መዝገብ ቤት ሊወድቅ ሲል ግዥ ክፍል ይስበዋል፣ ከግዥ ንብረት ክፍል ይስበዋል፣ ከዚያ ፎቅ ለፎቅ ሲዞር መሽቶበት በሊፍቱ መሀል ይቀራል። ሊፍቱ ደግሞ አይሠራም። መለዋወጫው በሦስት ፕሮፎርማ ተገዝቷል።

ሻይም እንዲያው ዕጣው ሆኖ ከሌባ ጋር አይለያይም። ያኔ ሻይ ማለት ፈላጊ ነበር፤ ሌባ የሚሻ። ዛሬ የሚፈልገው ሌባው ነው፤ የሚፈልገውም ሻይ ነው።

እንግዲህ ቢሊዮኑን ለዜናው ልተውለት። እኛ ሰው የሌለን ሰዎች ቢሊዮን አይተን አናውቅም፤ ሲሰረቅም አናየውም። ከእኛ የሚሰረቀው ሌላ ነው። ቀናችን ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቀን የመጣንበት ቀን፣ ከገጠር ትኬት ቆርጠን የመጣንበት ቀን፣ ልጅ ለጎረቤት ሰጥተን የመጣንበት ቀን። የመስኮቱ ሰው ቀናችንን ይወስዳል፣ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፈዋል፣ መልሶ ይሸጥልናል። ወረፋው ዕቃው ነው፤ መስኮቱ ሱቁ ነው። «ነገ ተመለሱ» የሚለው ቃል የዋጋ ዝርዝር ነው። ፈጥኖ የሚሠራ ከሆነማ ምን ይሸጣል?

ይህንን የምለው ተናድጄ ብቻ አይደለም። ጉቦ የዛገ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ዘይት ነው፣ አንዳንዴም ይጠቅማል ብለው የተከራከሩ ፈረንጅ ምሁራን ነበሩ። የሕንድ መንግሥት ያቋቋመው የሳንታናም ኮሚቴ ግን የየቢሮውን መዘግየት ሲመረምር የማፍጠኛ ገንዘብ የሚባለውን ልማድ አገኘ፤ እ.አ.አ በ1964 ባወጣው ሪፖርት መዘግየቱና ገንዘቡ ተጋግዘው የሚኖሩ መሆናቸውን ጻፈ። ነገሩ ግልጽ ነው። በዘይት የሚነግድ ሰው ማሽኑ እንዲለሰልስ አይፈልግም። ማታ ማታ ዝገት ሲቀባው ያድራል እንጂ። ሮበርት ክሊትጋርድ የተባለው ኢኮኖሚስት ደግሞ በቀመር አስቀምጦታል፤ ብቸኛ አቅራቢነት ሲደመር እንደ ፈቀዱ መወሰን፣ ሲቀነስ ተጠያቂነት፣ እኩል ይሆናል ሙስና። ካርታ የሚሰጠኝ ሌላ መስኮት የለም፤ ፊርማው ይመሳሰላል አይመሳሰልም የምትለው ባለሙያዋ ናት፤ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ደምሩት።

የሚያናድደው ደግሞ ሕጉ ይህንን ማወቁ ነው። የሙስና ሕጋችን ጉቦን ብቻ አይደለም የሚከለክለው። ጥቅም ለማግኘት ወይም ሰው ለመጉዳት ብሎ ጉዳይን ያለአግባብ ማጓተት ራሱን የቻለ የሙስና ወንጀል ነው። ብር ባይነካም፣ ሻይ ባይጠጣም፣ ማጓተቱ ብቻ። ይህንን ያነበብኩት እዚያው ወረፋ ላይ፣ ስልኬ ላይ ነው፤ ጊዜ ነበረኝ። ቀና ብዬ ኮሪደሩን አየሁት። ይህቺ አንቀጽ አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ብትጀምር፣ ከሰዓት በኋላ መብራት የሚያጠፋ ሰው ይገኛል?

የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ ፖስተር አላጣንም። «ጉቦ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው» ይላል ግድግዳው። ከጎኑ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል፤ የስም ዝውውር 45 ደቂቃ ይላል። ከጎኑ ቢፒአር በተባለው የአሠራር ለውጥ ጊዜ የተሳለ የሥራ ፍሰት ቀስት አለ፤ ከሱ ጎን የካይዘን። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ያመለክታሉ። በቀኝ በኩል ያለው ሽንት ቤት ነው፤ እሱም ተቆልፏል። እኛ ከ45 ደቂቃው ሥር ቆመን አራት ወር ሆነን። የጎን ጓደኛዬ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። «አርባ አምስት ምን አልከኝ? ሳምንት?» አሉ። ደቂቃ ነው ብዬ ላስቀይማቸው አልፈለግኩም።

የምሳ ሰዓት ደረሰና መስኮቱ ተዘጋ። ለምሳ ስድስት ሰዓት ይዘጋል ተብሎ ተጽፏል፤ አምስት ተኩል ላይ ተዘጋ። በዚህች ብቻ ነው ከቻርተሩ የሚቀድሙት። ፌስታሉን ያንጠለጠለው ሰው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ በዓይኑ ጠቀሰኝ። «ጋሼ፣ አሁንም አልወሰኑም?» አለኝ፤ እንደ ደንበኛ ይቆጥረኛል። እውነቱን ለመናገር ኪሴን አስቤዋለሁ። አራት ወር የጠፋኝን የሥራ ቀን ብደምረው ከ15 ሺህ ይበልጣል። ከእኔ ጋር የተሰለፈችው ልጅ ባለፈው ማክሰኞ ከፈለች፤ ሐሙስ ካርታዋን ይዛ በፊታችን አለፈች። ቀና ብላ አላየችንም። አልፈረድኩባትም፤ አስቤ ስጨርስ እንዲያውም ያናደደኝ እሷ መክፈሏ ሳይሆን ዋጋዋ ነው። ለእሷ 9 ሺህ ነው ያሏት።

አዛውንቱ በከዘራቸው ጫማዬን ነካ አደረጉኝ። «ና ልጄ» አሉ፤ «ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ እዚህ ከምንገተር፣ ሻይ ልጋብዝህ።»

ደንገጥ አልኩ። ዞር ብዬ ፌስታሉን የያዘውን ሰውዬ አየሁ፣ ከዚያ አዛውንቱን አየሁ። እሳቸውም አዩኝ። ገባቸው መሰለኝ ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ።

«አይዞህ» አሉ፤ «የሚጠጣውን ነው።»

ከግቢው ውጭ፣ ላስቲክ የተወጠረባት ቤት ገብተን ሁለት ብርጭቆ አዘዝን። አርባ ብር። ልከፍል ስል እጄን ያዙኝ። ደረሰኝም አልጠየቁም።